ከሰባተኛው መስመር

ኬተኪ ያቺን የመቀነስ ምልክት ካገኘቻት ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ስምንቱን ቀን ሙሉ ልናገር ብላ እየሄደች ሳትናገር ተመልሳለች። ዛሬም፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከትራሙ ወርዳ ወደ ፕሮፌሰር ብሮጄን ቤት በሚያስገባው ጠባብ መንገድ ስትታጠፍ፣ “ዛሬስ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ሳልናገር አልወጣም” ብላ ለራሷ ማለች። የትናንቱም መሐላ ይኸው ነበር።

በሩን የከፈተችላት ማሎቲ ናት። ማሎቲ በስም የቤቱ ሠራተኛ ትባላለች፤ ቤቱን ሠላሳ ዓመት የገዛችው ግን እሷ ናት።

“መጣሽ? ግቢ። ቁርሳቸው እስካሁን እንደተከደነ ነው።”

“ትናንት ማታስ እትዬ ማሎቲ?”

“ሁለት ጉርሻ። እሱንም እኔ እንዳልጮህባቸው ነው። በሞቴ ብላቸው፣ አፈር ስሆን ብላቸው፣ ወይ ፍንክች! እትዬ ሱራማ ከሞቱ ወዲህ ልብሱ ነው እንጂ ሰውየውማ አልቀዋል።” ማሎቲ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እሁድ ድረስ ብቻ ያቆይልኝ። ሰማንያ ዓመታቸውን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያከብርላቸው ቢያዩ፣ ልባቸው ይመለስ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ያንን ፊትሽን አስተካክይ። የለቅሶ ቤት ፊት ይዘሽ አትግቢባቸው!”

ኬተኪ ፊቷን በመዳፏ አብሳ ደረጃውን ወጣች።

ብሮጄን መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሌላው ሰው በሸሚዝ የሚወጣበት የጥር ብርድ ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ኮልካታ ሽማግሌ ሁሉ ጆሮ የሚሸፍነውን የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው፣ ዓይንና አፍንጫ ብቻ ሆነዋል። ከጎናቸው ጠፍጣፋ ቂጣና ድንች ወጥ ያለበት ሳህን አለ።

“ልጄ፣ ቶሎ በይ” አሉ በሹክሹክታ። “ማሎቲ ሳትመጣ ብይልኝ።”

ይህ የሁለቱ ምስጢር ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ኬተኪ የመምህሯን ቁርስ ትበላላቸዋለች፤ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲወርድ ማሎቲ ደስ ይላታል፤ ቁጣውም ይቀርላቸዋል። ከቁርስ በቀር ግን ማሎቲን ማታለል አይቻልም፤ ምሳና እራት ላይ እንደ ዘበኛ ቆማ ነው የምታበላው።

“የኔታ፣ ዛሬ እንኳ ግማሹን ይብሉ።”

“ነገ እበላለሁ” አሉ፤ ኬተኪም እንደ ልማዷ ሽንፈቷን ተቀብላ ቂጣውን ቆረሰች።

በሙያቸው፣ በከዋክብት ስሌት፣ ለሌለ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ኮከብ የሚያነደውን ሲጨርስ የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተውና ወደ ውስጥ ይደረመሳል። ሁሉ ነገር መሐሉ ላይ ወዳለች አንዲት ነጥብ ይጨመቃል፤ እዚያች ነጥብ ላይ የምናውቀው ሕግ ሁሉ ያበቃል። ነጥቧ ከመወለዷ በፊት ግን ዙሪያዋን መጋረጃ ይጋርዳታል፤ ከመጋረጃው ወዲህ ብርሃን እንኳ አያልፍም። ጥቁር ጉድጓድ የሚሉት ይህንን ነው። መጋረጃው ዘግይቶ ነጥቧ ከቀደመችው ደግሞ እርቃኗን ትቀራለች፤ ከአጠገቧ የተነሣ ብርሃን እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ልናያት እንችላለን ማለት ነው። ግማሹ ሊቅ “ይህ ፈጽሞ አይሆንም” ይላል፤ ግማሹ “ለምን አይሆንም?” ይላል፤ ሲነታረኩ ስንት ዘመናቸው።

ብሮጄን ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት በአንድ እንግዳ ቁስ ላይ ሠሩ። ማንም በእጁ ይዞት የማያውቅ፣ ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ቁስ ነው፤ ሲጨመቅ በአንድ ጎን ይገፋል፣ በሌላው ጎን ይስባል። ይህ ቁስ ሲደረመስ መጋረጃው ይዘገያል፣ ነጥቧ እርቃኗን ትወለዳለች ብለው አሳተሙ። ስማቸው የሚነሣው በዚህ ሥራ ነው። የእሁዱም መጥሪያ ላይ “እርቃን ነጥብን ላሳዩን መምህር” ተብሎ ተጽፏል።

የብሮጄን ቤት ደግሞ የታወቀ ደንብ አለው። ከዚህ ቤት የሚወጣ ስሌት ሁሉ በሁለት እጅ ይሠራል። አንዱ ፎቅ ላይ፣ ሌላው ምድር ቤት፣ ሳይነጋገሩ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ለየብቻ ይሠራሉ። ሲጨርሱ ደብተሮቹን ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ ከተስማማ አንዱ በሌላው ደብተር ላይ ይፈርማል። አንዱ የሌላውን ደብተር፣ ባለቤቱ ራሱ ካልገለጠለት በቀር፣ አይገልጥም። ለአርባ ዓመት ሁለተኛዋ እጅ ሚስታቸው ወይዘሮ ሱራማ ነበሩ፤ በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለተኛዋ እጅ ኬተኪ ናት።

ኬተኪ የመምህሯን አሮጌ ሥራ ልታስፋፋ ነበር የጀመረችው። በደንቡ መሠረት መጀመሪያ አሮጌውን ከሥር ሠራችው። መምህሯ ራሳቸው ከገለጡላት አሮጌ ደብተር ጋር ስታስተያየው ሰባተኛው መስመር ላይ ተለያዩ። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቴም ያው ነው።

በዚህ ሙያ ሁለት ሠፈር አለ። አንዱ ሠፈር የመቀነስ ምልክቷን ለጊዜ ይሰጣል፤ ሌላው ለቦታ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በግራ እንደሚነዳ አገርና በቀኝ እንደሚነዳ አገር ማለት ነው። ጉዱ የሚመጣው መንገድ መሐል ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ነው። ብሮጄን ያደጉት በአንደኛው ሠፈር ነው፤ የእንግዳውን ቁስ ግፊት የቀዱት ግን ከሌላው ሠፈር መጽሐፍ ነው። ሰባተኛው መስመር ላይ መሳብ የነበረበት ገፋ። ምልክቷ ስትስተካከል መጋረጃው ይቀድማል። እርቃን ነጥብ የለም። ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ እንደሌላው ሁሉ።

“ምነው ልጄ፣ ጥርስሽን አመመሽ?” አሉ ብሮጄን።

ኬተኪ ጉርሻዋን ዋጠች። “የኔታ፣ አንድ ነገር…” ብላ ቀና ስትል፣ ከሻርፑ በላይ የወጡት ጉንጮቻቸው ምን ያህል እንደጎደጎዱ አየች። አንጀቷን በሉት። “አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው። የእሁዱ ዝግጅት አልቋል?”

“ማለቁስ አልቋል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። የዚያን ሥራ ሁለቱን ደብተሮች ገልጬ መስታወት ውስጥ ላስቀምጥ አለ፤ ተማሪዎቹ የሁለት እጅ ሥራ ምን እንደሚመስል ይዩ ብሎ። የኔ ይኸው። የሷ ግን ታች ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።” ቆባቸውን ነካኩ። “ያንን ቁም ሣጥን እኔ መክፈት አልችልም። ልብሶቿ አሉበት። አንቺ አውጪልኝ።”

ኬተኪ ሳህኑን አስቀመጠች። የወይዘሮ ሱራማ ደብተር! እስካሁን እንዴት አላሰበችውም? በባልየው ደብተር መጨረሻ ላይ በሚያምር እጅ “ተስማምቷል፣ ሱራማ” የሚል ፊርማ አለ። ታዲያ ሁለተኛዋ እጅ ያንኑ ስሕተት ራሷም ደገመችው ማለት ነው?

“ደንቡስ የኔታ? ባለቤቷ ሳይገልጡት…”

“ባለቤቷማ የለችም። ፈቃዱን እኔ ሰጥቼሻለሁ። እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።”

“ያን ጊዜ ጎን ለጎን አልዘረጋችሁትም?”

ብሮጄን ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶግራፍ ዞሩ። የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ናት፤ ግንባሯ ላይ ክፉ ዓይን እንዳያገኛት የተቀባ ጥቁር ነጠብጣብ አለ።

“ልጃችን ቱኒ ከሞተችብን ሦስት ወሯ ነበር” አሉ። “ትኩሳት ነው፤ በሁለት ቀን። እኔ ከዚህ ክፍል አልወጣም፤ እህል አልቀምስም፤ እንግዳውን ቁስ ብቻ እጨምቃለሁ። ያለቀልኝ ቀን ከደረጃው እየሮጥኩ ወረድኩ። ‘ሱራማ፣ እርቃኗን ናት!’ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ደብተሬን ተቀበለችና ‘ተስማምቷል’ ብላ ፈረመች። የሷን አሳዪኝ ማለቱን በደስታዬ ረሳሁት። ደንቡን የተላለፍነው ያን ቀን ብቻ ነው።”

ኬተኪ ባዶውን ሳህን ይዛ ወረደች።

ቁም ሣጥኑ ሲከፈት የእሳት እራት ማባረሪያው ሽታ ወጣ። ተጣጥፈው የተደረደሩ ሳሪዎች፣ ከሥራቸው በቀይ ክር የታሰሩ ደብተሮች። የምትፈልገው ከታች ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፈታችው።

ሰባተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክቷ አለች። ሁለት ጊዜ ተሠምሮባታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ በሙሉ የኬተኪ ስሌት ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀድሟት በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ። መጨረሻው ላይ “መጋረጃው ይቀድማል” ይላል። ከሥሩ ለባልየው ፊርማ የተተወው ቦታ ባዶውን ነው። ከባዶው ቦታ በታች በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፏል፦

“ዛሬ ከደረጃው እየሮጠ ወረደ። ቱኒ ከሄደች ወዲህ ሲሮጥ አላየሁትም። ሩዙን ጨርሶ በላ። ዓሣ ድገሚኝ አለ። ነገ እነግረዋለሁ።”

ቀጥሎ በሌላ ቀለም፦ “ነገ።” ቀጥሎ፦ “የልጆቹ ፈተና ይለፍ።” ቀጥሎ፦ “ታትሞ መጣ። ትራሱ ሥር አድርጎት ተኛ። ነገ።” ከዚያ፣ እጅ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ዘመን የተጻፈ፦ “አሁን ረፈደ። ደፋር ሰው ከመጣ ከሰባተኛው መስመር ይጀምር። ብሮጄን፣ ይቅር በለኝ። እንድትበላልኝ ብዬ ነው።”

ኬተኪ ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሴትየዋን በሕይወት አግኝታቸው አታውቅም፤ አሁን ግን ከማንም በላይ ናፈቋት።

“ምን ሆነሻል አንቺ?” ማሎቲ ማማሰያ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

ኬተኪ ነገረቻት። ስለ ምልክቷ ሳይሆን ዋናውን ብቻ፦ የጋሼ ትልቁ ሥራ ስሕተት መሆኑን፣ እትዬ ማወቃቸውን፣ አለመናገራቸውን። ማሎቲ ማማሰያውን እንደያዘች ቁጢጥ አለች።

“እኔን! እትዬ ይህን ሁሉ ጊዜ ችለውት?” አለች። ከዚያ ክንዷን ጨበጠቻት። “ስሚኝ ልጄ። መልሰሽ አስቀምጪው። አይጥ በላው በያቸው። እሁድ በሰላም ይለፍና ሰኞ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አለሁ፣ አብረን እንነግራቸዋለን።”

ምክሩ የክፋት አይደለም። ኬተኪ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ራሷን የመከረችው ይህንኑ ነው። ለመስማማት አፏን ከፍታ ሳለ ዓይኗ ገጹ ላይ ወደቀ። ነገ። ነገ። ሱራማም ሞኝ አልነበሩም፤ ፈሪም አልነበሩም። አንድ ቀን ብቻ ነበር የፈለጉት፤ ያ አንድ ቀን ዕድሜ ልካቸውን ወሰደው። ከፎቅ ደግሞ ቁርሳቸውን በሰው አፍ የሚበሉ ሽማግሌ ነገ እበላለሁ እያሉ ተቀምጠዋል።

“ሰኞ የሚባል ቀን የለም እትዬ ማሎቲ” አለችና ተነሣች።

“ቢሞቱብንስ?”

“እንዲህም ሆነው እየሞቱብን ነው።”

ሁለቱን ደብተሮች፣ የራሷንና የሱራማን፣ በብብቷ ይዛ ወደ ፎቅ ወጣች። ከበሩ ሳታልፍ ተናገረች፤ ካለፈች እንደማትናገር ታውቃለች።

“የኔታ፣ ያ ሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ተሳስቷል።”

ብሮጄን ቆባቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፋ አደረጉ። “ምን አልሽ?”

“ምልክቱ ነው። የግፊቱ…”

“ተይ!” እጃቸውን አነሡ። ድምፃቸው ድሮ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩበት ጊዜ ነበር። “አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ! ሁለተኛ እጅ ናት እንዲህ የምታወራ? ጠመኔውን ስጪኝና ውጪ። በሩን ዝጊው።”

ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ኬተኪና ማሎቲ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ማሎቲ አላናገረቻትም። ከውስጥ የጠመኔው ድምፅ ይሰማል፤ ይቆማል፤ ይሰማል። አንዴ በጣም ረጅም ጊዜ ቆመ። ማሎቲ ተነሥታ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ጠመኔው ሲቀጥል ተመልሳ ተቀመጠችና የኬተኪን እጅ ሳታያት ያዘች።

“ግቢ!” የሚለው ድምፅ ሲመጣ ሁለቱም ዘለው ተነሡ።

የግድግዳው ጥቁር ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ሻርፑ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ቆቡም። ብሮጄን ጠመኔ በጠመኔ ሆነው ወንበራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከሰሌዳው መጨረሻ፦ “መጋረጃው ይቀድማል።”

“ከሌላው ሠፈር መጽሐፍ ቀድቼ” አሉ። “እንደ ጀማሪ ተማሪ! ያንቺን ዘርጊ።”

ዘረጋች። መስመር በመስመር ሄዱበት፤ ተስማማ። አንዱ በሌላው ሥር ፈረሙ። የብሮጄን ፊርማ ተንሻፈፈ። “ሠላሳ ስምንት ዓመት” አሉ ቁጭ ብለው፤ “ምን አለኝ ታዲያ አሁን?”

ኬተኪ የሱራማን ደብተር ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች። “አንድ እጅ ደግሞ ቀርቷል።”

“ባለቤቷ ሳትገልጥልኝማ እኔ አልገልጠውም።”

“ባለቤቷ ናቸው የገለጡልዎ የኔታ። ስምዎን ጽፈውበታል።”

አነበቡ። ጣታቸው ሰባተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ታች ወረደ። ፊታቸው ቀላ።

“ታውቅ ነበር!” አሉ። “ሰው እየመጣ ሲያወድሰኝ ሻይ እያቀረበች ታውቅ ነበር! እኔን፣ ባሏን፣ እንደ ሕፃን አባብላ! ለምን አልነገርሽኝም ሱራማ? ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?” ደብተሩን በመዳፋቸው መቱት። ኬተኪ ይህንኑ ነበር የፈራችው፤ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ብሮጄን እንደገና አነበቡት። በሁለተኛው ንባብ ትከሻቸው ወረደ።

“ሩዙን ጨርሶ በላ ትላለች” አሉ ቀስ ብለው። “ልጅቷ የሷም ልጅ አልነበረች? እሷስ ያን ቀን በልታ ነበር? እኔ እንጃ። ኬተኪ፣ እኔ እንጃ! የሷን ሳህን አላየሁም። አንድም ቀን የሷን ሳህን አላየሁም።”

ከዚያ አለቀሱ፤ ሳይደበቁ፣ ድምፅ አውጥተው። ማሎቲ ከበሩ ገብታ ራሳቸውን ደረቷ ላይ አስደገፈች፤ ጋሼ ማለቱንም ረስታ “አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ” አለች።

ሲበርድላቸው ዓይናቸውን በሻርፑ ጠራርገው እስክሪብቶ ጠየቁ። ሱራማ በተዉላቸው ባዶ ቦታ ላይ “ተስማምቷል” ብለው ፈረሙ፤ ይኼኛው አልተንሻፈፈም።

“እሁድ ሁለቱም ደብተር መስታወት ውስጥ ይግባ” አሉ። “ተገልጦ፤ ማስታወሻዋም ጭምር። ንግግሩን እኔው አደርጋለሁ። የጥቁሩን ጉድጓድ ሥራ በስሟ እናሳትመዋለን፤ ያንቺ ስም ይከተል፤ ስሕተቱ የኔ ብቻ ነው።” ወደ ማሎቲ ዞሩ። “ራበኝ።”

“ምን?”

“ራበኝ እኮ ነው የምልሽ! ሦስት ሰዓት ቆሜ ስሠራ አላየሽም? ሩዝ አለ? ለሦስት ሰው አድርጊው፤ እዚሁ አብረን ነው የምንበላው።”

ማሎቲ “ኧረ እኔ ወጥ ቤት…” ብላ ብታንገራግርም አልሰሟትም። ሩዙና በሰናፍጭ የተሠራው ዓሣ ቀረበ። ብሮጄን መጀመሪያ የማሎቲን ሳህን አዩ፤ አነሰ ብለው ጨመሩላት። የኬተኪን አዩ። ሁለቱ እስኪጎርሱ ጠበቁ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው በሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀና ሳይሉ፣ ሳህኑን እስኪጨርሱ።

“ማሎቲ” አሉ፣ “ዓሣ ድገሚኝ።”